በተን ስልክ ለአራት ወር፦ ከጎረቤት ያቀራርባል ወይ?

በተን ስልኳን፣ ያቺን ኢንተርኔት የሌላትን ባለ ቁልፍ ስልክ፣ የገዛኋት ጥቅምት ላይ ነው፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ። 2,100 ብር ከፈልኩ። ሻጩ ልጅ "ለእናትሽ ነው?" አለኝ። "ለራሴ" ስለው ቀና ብሎ አየኝ። "አቦ፣ ስልክሽ ተሰረቀ እንዴ?" አልተሰረቀም። ስማርት ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የዚያኑ ቀን ማታ ሲሙን አውጥቼ በተኗ ላይ ከተትኩ። ስማርቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

በተን ስልክ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ጥሩ ጥሩውንም መጥፎውንም እነግራችኋለሁ። እኔ ግን ስገዛት ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። ሰዉ ሁሉ "ኢንተርኔት ነው ያራራቀን፣ ድሮ እንዲህ አልነበርንም" ይላል። እኔም እል ነበር። እውነት ከሆነ በራሴ ልየው ብዬ ነው የጀመርኩት።

የምኖረው ለገሀሬ ነው። ግቢያችንን አምስት ቤተሰብ ይጋራዋል። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬ ራሷ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰዉ ሥራ ፍለጋ ከየአቅጣጫው መጣ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ። ዘመዱን ጥሎ የመጣ ሰው ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው ጎረቤቱ ነው። አባቴ "የእኛ ዘመድ ግድግዳ የሚጋራን ነው" ይል ነበር። እኔ ያደግኩት በሦስት ቋንቋ እየተቆጣሁ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳይጠየቅ የደረሰብኝ ሁሉ ይቆጣኛል፣ የደረሰብኝ ሁሉ ያበላኛል።

ስልኩን ያስቀየረኝ አንድ ማታ ነው። መስከረም ላይ መብራት ጠፋ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሲጠፋና ፋኑ ሲቆም ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ሁላችንም ወጥተን ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዘጠኝ ሰው ነን። ሁላችንም ስልካችን ላይ አቀርቅረናል። አንድም ድምፅ የለም። የግቢያችን ትልቅ እናት፣ ሁላችንም እማዬ የምንላቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ወንበራቸው ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞሩና "ልጆች፣ ሰው አለ?" አሉ።

ዘጠኝ ሰው መሃል ተቀምጠው ነው እንግዲህ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወደ ዕቃው ልግባ። ስልኳ ትንሽ ናት፣ የቤት ቀሚስ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ቁልፎቿ ጎላ ያሉ ናቸው፣ በጨለማም በጣት ዳሰሳ ቁጥሩን ታገኙታላችሁ። ባትሪዋ እሁድ ማታ ቻርጅ ከተደረገ እስከ ዓርብ ይዘልቃል። ቶሎ ቶሎ መብራት ለሚሄድበት ሰፈር ይሄ ብቻውን ያስገዛል። አናቷ ላይ ያለችው መብራት ከጠበቅኩት በላይ ጠንካራ ናት። ሬዲዮዋ ያለ ኢርፎን ይሠራል፣ ድምፁም ግቢ ይሞላል። የወደቀችበትን ጊዜ አልቆጥረውም፣ አንዴ ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ወድቃ ባትሪዋ ለብቻ ክዳኗ ለብቻ ተበተነ። ሰብስቤ ገጠምኳት፣ ሠራች።

ሁለት ሲም ትወስዳለች። ድሬ ላይ ይሄ ቁም ነገር ነው። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራውን በሙከራ የጀመረው እኛ ከተማ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ እንኳ ከእኛ በኋላ ነው ያገኘችው። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ሰው አብዛኛው ሁለት ሲም ይይዛል።

ገንዘብ እንዴት ትልኪያለሽ ያላችሁኝ አላችሁ። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ኮከብ 127 መሰላል ብላችሁ ትደውላላችሁ፣ ዝርዝሩ ይመጣል፣ ቁጥር እየመረጣችሁ ትልካላችሁ። የእኩቤን ብር አራት ወር ሙሉ የከፈልኩት እንደዚያ ነው። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አንድም ቀን አልጠፋብኝም።

መጥፎ ጎንም አላት። የመልእክት ቦታዋ ጠባብ ነው። የማስታወቂያ መልእክት ሞልቶባት አንድ ሳምንት ሙሉ ከሰው የተላከልኝ አልገባም ነበር። አሁን ማታ ማታ አጠፋለሁ። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ መልእክት ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል፣ አይነበብም። ካሜራ አላት ይላሉ፣ እርሱት።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ታወቀኝ። ሰው መጠየቅ ትቼ ኖሯል። መብራት የጠፋው በእኛ ብቻ ነው ወይስ በሰፈሩ ሁሉ? ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስንት ገባ? ደቻቱ ወንዝ ውሃ መጥቷል ወይ፣ መሻገር ይቻላል? ይሄን ሁሉ ስልኬ ላይ ነበር የማየው። አሁን ብቅ ብዬ መጠየቅ ግድ ሆነ። ጥያቄው አጭር ነው፣ መልሱ ግን አጭር ሆኖ አያውቅም። የሽንኩርት ዋጋ ልጠይቅ ወጥቼ የጎረቤቴ ልጅ ሥራ ማግኘቱን ሰማሁ። ከሁለት ወር በፊት ነው ያገኘው። በሩ ከበሬ አሥር እርምጃ አይሆንም።

የልጄ የቤት ሥራ ደግሞ ነበር። አምስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራውን የሚልከው በቴሌግራም ነው። መጀመሪያ ሦስት ቀን ሳትሠራ ሄደች፣ መምህሯም እኔን አስጠራችኝ። ልክ ናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሦስት በር ወዲያ ያለች የክፍል ጓደኛዋ ቤት እየሄደች መገልበጥ ጀመረች። የልጅቷን እናት ሁለት ዓመት ሙሉ በሰላምታ ብቻ ነው የማውቃት። "እንዴት አደርሽ፣ ደህና አደርሽ" ተባብለን እንተላለፋለን። ልጄን ልመልስ ስሄድ አንድ ቀን "ግቢ እንጂ" አለችኝ። ገባሁ። ሻይ በወተት አፈላች። ባሏ ጅቡቲ መስመር ሹፌር እንደሆነ፣ ሌሊት ሌሊት ስልክ እስኪደውል እንቅልፍ እንደማይወስዳት ነገረችኝ። አሁን ልጆቹ አንድ ቀን እኛ ቤት፣ አንድ ቀን እነሱ ቤት ያጠናሉ። ማታ ሲመሽባት ደግሞ እኔ ጋ ትመጣለች።

ቡናውም መልኩን ቀየረ። ስማርት ስልኬ ሳለ የግቢያችን ሴቶች ግሩፕ ነበረን። "ቡና ደርሷል" የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ አንዷ ልብ ትልካለች፣ አንዷ አበባ ትልካለች፣ ሁለት ሰው ይመጣል። ለእኔ መጻፍ ስለማይቻል እማዬ ሚስኮል ያደርጉልኛል። አንዴ ከጠራ ቡናው ተቆልቷል ማለት ነው። ሁለቴ ከጠራ አቦል ተቀድቷል፣ ቶሎ ነይ ነው። የእሳቸውም ስልክ በተን ነው። ለሚስኮል "እሺ፣ በኋላ" ብሎ መመለስ አይቻልም። ወይ ትሄዳላችሁ፣ ወይ ትቀራላችሁ፤ ከቀራችሁ ደግሞ ምክንያቱን በአካል ሄዳችሁ ታስረዳላችሁ። ስለዚህ እሄዳለሁ። በረካን ሳልጠጣ የወጣሁበት ቀን ትንሽ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው "እንግዲያው እውነት ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሻላል" ሊል ይችላል። ቆዩ።

ኅዳር ላይ ከአባቴ ጋር ምድር ባቡር አብረው የሠሩ ጋሼ አረፉ። ሕፃን ሆኜ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ለገሀር ባቡር ሲገባ ያሳዩኝ ሰው ናቸው። ያረፉት ሌሊት ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ ጻፈ። እኔ በጠዋት ወደ ሳቢያን ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። የማን እንደሆነ የጠየቅኩት የባጃጁን ሹፌር ነው።

እንደገባሁ ልጃቸው አቀፈችኝ። "ቀብር ላይ በዓይኔ ፈልጌ አጣሁሽ" አለችኝ። ወቀሳም አይደለም፣ እንዲሁ ነው ያለችው። መልስ አልነበረኝም። በተን ስልክ ስለያዝኩ ነው ይባላል እንዴ? አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ከፊት ለፊታችን ግቢ ያሉት ሐጂ ነበሩ። ከእሳቸው ወዲያ ሁለት እናቶች ተቀምጠዋል። ቀስ ብዬ ለሐጂ "እኔ እኮ ሳልሰማ ነው የቀረሁት" አልኳቸው። ሐጂም "እኛስ መቼ ሰማን?" አሉኝ። "ጥሩምባው ከቀረ ወዲህ ማን ይነግረናል? ድንኳን ስናይ ነው የምናውቀው።" እናቶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

የዕድራችን ጥሩምባ የቀረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጥሩምባ ነፊው አርጅቶ፣ የሚተካውም ጠፍቶ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ "ከአሁን በኋላ በቴሌግራም ይሁን" ተባለ። ያኔ እጄን አውጥቼ የደገፍኩት እኔም ነበርኩ። ፈጣን ነው፣ ማንንም ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም ብዬ። ሐጂ በዚያ ጉባኤ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምን እያልን እንደነበር ግን ማን አስረዳቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ እኒህ ሰዎች የጎረቤታቸውን ሞት በድንኳን ሲያውቁ እኔ አላየሁም። ያየሁት እኔም እንደ እነሱ ሳልሰማ ስቀር ነው።

ከሠልስቱ በኋላ ከዕድሩ ጸሐፊ ጋር መዝገቡን ይዘን ተቀመጥን። ወጣት ልጅ ነው፣ ቅን ልጅ ነው። ከ64 አባወራ ቴሌግራም ላይ የሌሉት 11 ቤት ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ሽማግሌና ባልቴት ናቸው። ዕድሩን ያቋቋሙት ማለት ነው። ልጁ ደነገጠ። "ስለነሱ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፣ እኔም አላሰብኩትም" አለ። ወዲያው ለ11 ቤት በር የሚያንኳኳ ሰው ተመደበ። አራቱ ቤት የእኔ ነው። መልእክቱ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ጸሐፊው ለእኔ ይደውልልኛል፣ እኔ ደግሞ የስልኳን መብራት ይዤ እወጣለሁ።

ጥር ላይ ሁለቴ ወጥቻለሁ። ሌሊት በር ማንኳኳት ቀላል አይደለም። እናቶቹ "ማነው?" ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ስሜን እናገራለሁ፣ ይከፈታል፣ ቆሜ ነግሬ ልሄድ ስል እጄን ይዘው ያስገቡኛል። ብቻቸውን እንዲሰሙት አይፈልጉም። እስኪነጋ አብሬ ቁጭ እላለሁ። መርዶ በስልክ ማንበብና እጃችሁን የያዘ ሰው ሲነግራችሁ መስማት አንድ አይደለም።

ድሬ ደግሞ በር ማንኳኳትን ታውቀዋለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። አክስቴ የምትኖረው ወንዙ ዳር ነበር። የተረፈችው ጎረቤቷ በሩን በድንጋይ ደብድቦ ስላስነሳት ነው። ስሟን እየጠራ ነበር የሚደበድበው። ማን ቤት ውስጥ ማን እንደሚተኛ፣ ማን ከባድ እንቅልፍ እንዳለው ያውቅ ስለነበር ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ የ2012ቱን ሰኔ ያነሳል። ያኔ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። "ትዝ ይልሻል? ግቢው እንዴት ሞቆ ነበር" ይሉኛል። ትዝ ይለኛል። ካርታ ተጫውተናል፣ ኒሙ ሥር አምሽተናል። ግን ያኔ የተሰበሰብነው ፈርተን ነው። አገሩ ታምሷል፣ ኮሮናም ነበር። ጅዳ ያለችው እህቴ ድምፃችንን ሳትሰማ ስንት ቀን እንዳለቀሰች እኔ ነኝ የማውቀው። እሷ ጋ መደወል የእኛ አቅም አይደለም፣ የውጭ ስልክ ውድ ነው። እናቴ በየቀኑ "ኔትዎርኩ መጣ?" ትል ነበር። ያን ጊዜ ጣፋጭ አድርጎ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ደስ አይለኝም። ሰው በገዛ እጁ ስልኩን ማስቀመጡና ከእጁ መነጠቁ ይለያያል።

ስለ እህቴ ካነሳሁ አይቀር፣ ስማርት ስልኩን ያልሸጥኩት በእሷ ነው። ዓርብ ዓርብ ማታ ከቁም ሳጥን ይወጣል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች፣ ከጅዳ የልጅ ልጇን ፊት ታያለች። አዲስ ያበቀለውን ጥርስ በጣቷ ስክሪኑ ላይ ትነካዋለች። ይሄን ከእናቴ ወስጄ ከጎረቤት ተቀራረብኩ ብል ትርጉም የለውም። እህቴም እኮ የዚህ ግቢ ልጅ ናት። የእማዬን ድምፅ ሳትሰማ ስልኩን አትዘጋም።

ኒሙ ሥርስ? እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ወር ከበፊቱ የባሰ ብቸኝነት ተሰማኝ። ሌሎቹ ስምንቱ ስልካቸው ላይ ናቸው፣ እኔ ባዶ እጄን ተቀምጬ ፊታቸውን አያለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ኦፍላይን ቢሆን ግቢው አይቀየርም። ስልክ ላይ ያለውን ሰው "አውራኝ" ማለትም አስቸጋሪ ነው፣ ልመና ይመስላል።

የቀየረው ሬዲዮው ነው። አንድ ማታ ለእማዬ ዜና ልክፈትላቸው ብዬ የድሬን ኤፍ ኤም ከፈትኩ። ስለ ውሃ ወረፋ ያወራል። እማዬ "ውሸት ነው፣ በእኛ በኩል ማክሰኞ አልመጣም" አሉ። ሐጂ ከውጭ ሰምተው ወንበራቸውን ይዘው ገቡ። "በእኛ በኩል ግን መጥቷል" አሉ። ክርክር ተነሳ። ከጎን ያለው ወጣት ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ "ቧንቧው የሚከፈተው እኮ…" ብሎ ገባበት። የዚያን ቀን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አወራን። አሁን በየማታው ባይሆንም በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንዲህ እናመሻለን። ሁሉም አይደለም። ከዘጠኛችን አምስታችን። አራቱ ያው እንዳቀረቀሩ ናቸው፣ እኔም አልወቅሳቸውም። አንዷ ኦንላይን ዕቃ ትሸጣለች፣ እንጀራዋ ነው።

እንግዲህ የጀመርኩበትን ጥያቄ ልመልስ። ኢንተርኔት ስለጠፋ ብቻ ሰው አይቀራረብም። የእኔ ሰፈር እንደዚያ አላሳየኝም። ሰው የሚቀራረበው ሲፈላለግ ነው። ይቺ ስልክ ለእኔ ያደረገችው ያንን ነው፤ የቤት ሥራውንም፣ የሽንኩርቱንም፣ የለቅሶውንም ወሬ ከሰው አፍ እንድፈልግ አደረገችኝ። የሚፈልጋችሁ፣ የምትፈልጉት ጎረቤት ካለ ስማርት ስልክ ይዛችሁም ትቀራረባላችሁ። ለእኔ ግን ስልኬን ሳላስቀምጥ አልመጣልኝም ነበር።

ማን ይግዛት? ሥራችሁ በቴሌግራም ከሆነ አትግዙ፣ ትቸገራላችሁ። ብቻዋን ሳይሆን ከስማርቱ ጎን የምትያዝ ሁለተኛ ስልክ ከፈለጋችሁ ግን ገንዘቧን ታወጣለች። ከመግዛታችሁ በፊት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፣ ሬዲዮውን ሱቁ ውስጥ አስከፍቱ፣ መልእክት ስንት እንደምትይዝ ጠይቁ። ልጆቻችሁ የሚማሩበት ትምህርት ቤት የቤት ሥራ በቴሌግራም የሚልክ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ከአንድ የክፍል ጓደኛ እናት ጋር ተነጋገሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ታይዋን ተመልሼ ሄጄ ነበር። የሐጂ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ሲደወልላቸው አይሰሙም ነበር፣ ጸሐፊው ደግሞ እሳቸውም ለሁለት ቤት እንዲያንኳኩ መድቧቸዋል፤ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። ያው ሞዴል ዋጋው 200 ብር ጨምሯል። ሻጩ ልጅ አወቀኝ። "ይሄስ ለማን ነው?" አለ። ለጎረቤቴ አልኩት። ሐጂ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሬዲዮው ጮክ ይበል። ሦስቱን አስከፍቼ ከሁሉም የሚጮኸውን መረጥኩላቸው።